ካሊን ይመለስ ያለችው ሸማኔ

እኔ በምኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ስሊቨን ውስጥ፣ ሰው ሲሞት ወረቀት ይለጠፍለታል። ጠርዙ ጥቁር፣ መሀሉ ላይ ፎቶ ያለበት ወረቀት፤ በቤቱ በር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በመብራት ምሰሶው፣ ዛፍ ከተገኘም በዛፉ ላይ። አርባው ሲደርስ ሌላ ወረቀት፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሌላ፣ ከዚያም ዘመድ እስካልሰለቸው ድረስ በየዓመቱ። ስለዚህ ኦክቶበር በገባ ቁጥር በሰፈሩ ንባብ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው የካሊን ወረቀት ማንንም አያስደነግጥም ነበር። እኔ የደረስኩ ዓመት የተለጠፈው «ካሊናችን ከሄደ አስራ ስድስት ዓመት። አልተመለሰም። አልረሳነውም» ይላል። ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ በጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ ይቀመጣል፤ የእነሱ ንፍሮ ስኳር የተነሰነሰበት ነው። አላፊ አግዳሚው አንድ ማንኪያ ይወስድና ነፍስ ይማር ብሎ መንገዱን ይቀጥላል።

ጉዱ ምንድን ነው፣ ካሊን የሚባል ሰው በዚህ ምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። ካሊን የልብ ወለድ ሰው ነው፤ የጠፈር አብራሪ። በእነሱ አቆጣጠር በስልሳዎቹ መጀመሪያ አንድ የባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ በወጣቶች ጋዜጣ ላይ አስራ አምስት ታሪክ ጻፈለት። በአስራ አራቱ ካሊን ሄዶ ተመለሰ። በአስራ አምስተኛው ሄዶ ቀረ። ጸሐፊውም ዓመት ሳይሞላው ሞተና የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። ወረቀቱን በየዓመቱ የምታሳትመውም፣ ንፍሮውን የምትቀቅለውም ቬሊካ የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ለጓድ ካሊን የአበባ ጉንጉን ያልተላከው ለምንድን ነው? የየትኛው ክፍል ሠራተኛ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ቬሊካ ፊቷ ሳይፈታ፣ «የላይኛው ፎቅ» አለችው። ሰውየው ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

እኔ ከተማዋን የረገጥኩት በእነሱ አቆጣጠር በሺ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከአገሬ መጥቼ ምሕንድስና ጨርሼ እዚያው ፋብሪካ ለስድስት ወር ልምምድ ተመድቤ። ስድስት ወሩ አርባ ምናምን ዓመት ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሚስቴን ይጠይቅ። ንባብ ቤቱ መሄድ የጀመርኩት ደግሞ ለንባብ አልነበረም። የማደሪያችን ማሞቂያ ስለተበላሸ ነው። እዚያ ቤት መጽሐፉም፣ መድረኩም፣ የሽማግሌዎቹ ቼዝም፣ ቀዩ የጋለ ምድጃም ነበረ።

በመጀመሪያው ቀን የቴአትሩ አዘጋጅ ማኖል፣ ቀን ቀን ጂኦግራፊ የሚያስተምር ረጅም ሰው፣ በቤቱ ብቸኛ ጥቁር የሆንኩትን እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና በደስታ አጨበጨበ።

«የማርስ ሰው አገኘን! ይሄ እኮ ቀለም እንኳ አያስፈልገውም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንደ መሳቅ ብዬ ውስጤ እየበገነ ነበር፤ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ነገር ቶሎ ይገባኛል። ከመድረኩ ወለል ውስጥ፣ ቃል አስታዋሽ ከሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ አንዲት ራስ ብቅ አለች። ሻርፕ የታሰረባት፣ መነጽሯ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ የወረደ።

«ማኖል፣ ካሊን ላይ የማርስ ሰው የት አለ? እስቲ ገጹን ንገረኝ።»

«እንጨምራለና ቬሊካ! ለጨዋታው ድምቀት...»

«ትጨምራለህ? ወጥ ነው እንዴ ጨው የምትጨምርበት? ልጁን ተወው። መሐንዲስ ነው፣ መብራቱን ይያዝልን። አንተ የያዝከው ቀን መጋረጃ አቃጥለሃል።»

በዚህ ሁኔታ የመብራት ሠራተኛ ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቬሊካ የምትለኝን ሁሉ እሺ ከማለት ሌላ አልሠራሁም።

ቬሊካ ያኔ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ እንጨት ሊቆርጥ ወደ ሩሲያ ሰሜን ሄዶ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሷል፤ ስለሱ ሲነሳ «ይሙቀው» ብላ ታልፈዋለች። ያላት አንዲት ልጅ ናት፣ ሚግሌና። አንድ ደግሞ ሌላ ነገር አላት፤ ከንፈር። የሽመና አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ የሽመና መኪና ሲጮህ ማንም የማንንም ድምፅ አይሰማም፣ ስለዚህ የዚያ ፋብሪካ ሴቶች ያለ ድምፅ በከንፈር ነው የሚያወሩት። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሐሜት ይሄዳል፣ ትንፋሽ ሳይሰማ። እኔ ለመልመድ አራት ወር ፈጀብኝ፤ የመጀመሪያ የገባኝም ስለ ራሴ ሱሪ የተባለ ነበር። ንባብ ቤቱ ውስጥ የሚጫወቱት አብዛኞቹ የፋብሪካው ሰዎች ስለሆኑ ቬሊካን የሚያህል ቃል አስታዋሽ በአገሩ አልነበረም። ሌላ ከተማ ሄደን ስንጫወት አስታዋሹ ከተዋናዩ በላይ ይሰማል። የእኛዋ ግን ጉድጓዷ ውስጥ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ተዋናዩ ያነባል፤ ሕዝቡ ምንም አይሰማም። አስራ አምስቱንም የካሊን ታሪክ በቃሏ ታውቃለች፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር።

ንባብ ቤቱ እንግዳ ሲጋብዝ ማኖል ጭንቅ ይይዘዋል፤ ቬሊካ ትጠይቃለቻ። ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ነው። አንዱ ስለ ታሪኮቹ፣ አንዱ ስለ ጠፈር። በሰማንያ አንድ ፌብሩዋሪ ከዋናው ከተማ አንድ መሐንዲስ መጣ፤ መንኩራኩር መሬት ሲወርድ የሚይዘውን ጃንጥላ የሚሠራ ሰው። ሸበቶ፣ ኮቱ የሰፋው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ንግግሩን ጨረሰና ጥያቄ ያለው አለ ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ቬሊካን አየ።

ተነሳች። «አንደኛ። ከካሊን ታሪኮች በአንዱ ለልጆች በተሠራው ፊልም እርስዎ አማካሪ ነበሩ ተብሏል። ታሪኩ ላይ ሦስት ሰው ይሄዳል፣ ሁለት ይመለሳል። ፊልሙ ላይ ሦስቱም ተመለሱ። ሦስተኛውን ማን አመጣው?»

«ጓዲት፣ እኔን የጠየቁኝ ስለ ጃንጥላው ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ጃንጥላው ነዋ ያመጣው!»

ሳቅ ሆነ። መሐንዲሱም ሳቀ። ማኖል ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ ቬሊካ ቀጠለች።

«ሁለተኛ። ከመቶ ስንት ሰው ነው የማይመለሰው?»

«ቴክኒኩ በየጊዜው እየተሻሻለ ስለሆነ...»

«እሱን ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። እኔ ያልኩት ስንት ነው።»

ማኖል አጨበጨበ፣ ሰውም ተከተለው፣ ነገሩ ተዳፈነ። በኋላ ግን ጠረጴዛው ላይ ራኪያ የሚሉት አረቄና አይብ ቀርቦ፣ ኮምጣጣው ቃሪያ እየዞረ ሳለ፣ መሐንዲሱ ወንበሩን እየጎተተ ቬሊካ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ከወዲያ በኩል ነበርኩ።

«ቁጥር የሚነግርሽ ሰው ካለ ጃንጥላ አጥፎ አያውቅም» አላት። «እኔ በወጣትነቴ አጣፊ ነበርኩ። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው። አዲስ አጣፊ መጀመሪያ ያጠፈውን ራሱ ይዞት ከአውሮፕላን ይዘላል። ከዚያ በኋላ ነው ለሌላ ሰው የሚያጥፈው።»

«ሲዘሉ ፈሩ?»

«የራሴን ስዘል? ያን ያህል አልፈራሁም። ሌላው ሰው እኔ ያጠፍኩትን ይዞ ሲዘል ነው የምፈራው። እስከ ዛሬ ድረስ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቬሊካ አስር ጥያቄ ታዥጎደጉድበት ነበር። ያን ቀን ግን ሻርፗን አጠበቀችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ራኪያዋን እንኳ አልነካችውም፤ እኔ ጠጣሁላት።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ መኪና ቁጥር አርባ ሰባት ተበላሽቶ ሥሩ ገብቼ ሳለሁ ቬሊካ ከሚቀጥለው መኪና ላይ በከንፈሯ ጠራችኝ።

«ሚግሌና ልትበር ነው።»

«ምን?»

«ልትበር! የበረራ ክበቡ ተቀብሏታል። ሞተር የሌለውን አውሮፕላን። ወረቀት ሰጥታኛለች፣ እናት ትፈርም ይላል። ከዚያ ትልቁን አውሮፕላን፣ ከዚያ ደግሞ ወዴት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።»

ሦስት መቶ መኪና እየጮኸ፣ የሷ ከንፈር ግን ሲንቀጠቀጥ በደንብ አየሁት። የሚቀጥለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ካሊንን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ልጅቷን እንደ ጃንጥላ ያጠፍኳት እኔ ነኝ።»

በመፍቻዬ የማያስፈልግ ቡሎን አጠበቅኩ። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ አራት ተጣጥፎ ሳምንታት ቆየ። ሚግሌና በየሁለት ቀኑ «እማ፣ ፈረምሽ?» ትላለች። ቬሊካ «እስክሪብቶ የለም» ትላለች። ንባብ ቤቱ ሙሉ እስክሪብቶ ነው።

በዚያው ሰሞን ማኖል የካሊንን አስራ አምስተኛ ታሪክ ወደ ቴአትር እየለወጠ ነበር፤ ለጠፈር በዓል፣ ለኤፕሪል አስራ ሁለት። ታሪኩን እንዳለ ንገረኝ ካላችሁ እንዲህ ነው። ካሊን እናቱን ተሰናብቶ ይሄዳል። እናትየዋ ቤቷ ውስጥ ሬዲዮ ከፍታ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ከዚያ እየራቀ፣ ከዚያ ሬዲዮው ሽሽሽ ብቻ ማለት ይጀምራል። ጎረቤቶች ይመጣሉ፤ አንዷ አዝና ሬዲዮውን ልትዘጋው ስትል እናትየዋ «ተዉት፣ አትዝጉት። ልጄ የሄደበት አገር ድምፅ ነው» ትላለች። አለቀ። ማኖል ይሄን መጨረሻ ከጃንዋሪ ጀምሮ አልወደደውም።

«በዓል እኮ ነው ቬሊካ! ሰው አልቅሶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው? በሩ ይንኳኳ፣ ካሊን ይግባ፣ እናቱን ይቀፋት፣ መጋረጃ ይዘጋ!»

«ለማን ብለህ ነው የምትዋሸው?» ትለዋለች ከጉድጓዷ። እሱም ይተወዋል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሲነታረኩ ሰነበቱ። ታዲያ በማርች አጋማሽ ልምምድ ላይ ማኖል ተስፋ ቆርጦ፣ «እሺ፣ እንደ ተጻፈው እንጫወት» ሲል፣ ከጉድጓዱ «ይመለስ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ማንም አላመነም። «ምን አልሽ?» አለ ማኖል።

«ካሊን ይመለስ። በሩ ይንኳኳ። ይግባ።»

ካሊንን የሚጫወተው ፀጉር አስተካካዩ ጋንቾ ሊበር ደረሰ፤ በአሮጌው መጨረሻ ከመሀል ላይ ጠፍቶ ይቀር ነበር፣ በአዲሱ ግን ጭብጨባው የእሱ ነው። እናትየዋን የምትጫወተው ሩሳልያ ደግሞ የቬሊካ የሥራ ጓደኛ ሸማኔ ነች፤ ወገቧን ይዛ ጮኸች።

«እንዴ! ያለችኝ አንዲት የምታስለቅስ መስመር ናት፣ እሷን ትነጥቂኛለሽ? ምን ነካሽ አንቺ ሴት? በሩ ላይ በየዓመቱ የምንለጥፈውስ ወረቀት?»

«ይቀደድ» አለች ቬሊካ። ከዚያ በኋላ ልምምዱ ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፣ ግን ለማን ይነገራል? ካሊን በሩን ከፍቶ ሲገባ በዓይኗ ካየች፣ አራት መቶ ሰው አብሯት ካየ፣ መፈረም የምትችል መስሏት ነበር። አስራ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሙት ለልጇ ስትል ልታስነሳ ነው። ተናድጄባት ነበር፣ እውነቱን ልናገር። አንጀቴንም በልታዋለች።

ሚግሌና የሰማችው ከጋንቾ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ምን ይደብቃል? በበነጋው ንባብ ቤቱ ገባች። ቀጭን፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ እርምጃዋ ወለሉን የሚያናጋ ልጅ ነበረች። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ አምፖል እየቀየርኩ ነው። ቬሊካ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ገጽ ትገለብጣለች።

«እማ፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«አታሹፊብኝ። ካሊንን አስመልሰሽዋል።»

«ማኖል ነው የፈለገው።»

«ማኖል ከገና ጀምሮ ሲፈልግ ነበር! የፈቀድሽው አንቺ ነሽ።» ሚግሌና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትዝ ይልሻል? ስምንት ዓመቴ ነበር። አስራ አምስተኛውን ያነበብሽልኝ ቀን ትራሱን ነክሼ አለቀስኩ። እማ ይመለስ በይ፣ እንዲሁ በይ፣ ማን ያውቅብሻል አልኩሽ። ምን አልሽኝ?»

ቬሊካ ገጹን ገለበጠች።

«የተጻፈውን ነው የማነበው አልሽኝ። ብዋሽሽ ከነገ ጀምሮ አስራ አራቱንም አታምኚኝም አልሽኝ። እኔ እኮ ያን ቀን ነው መብረር የፈለግኩት። ሲመለስ አይደለም! ምን እንደሚገጥመው እያወቀ እንደሄደ ሲገባኝ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ታሪክ ነው ያነበብኩልሽ።»

«እማ፣ ተታለሽ እንድትፈርሚልኝ አልፈልግም። ወይ አውቀሽ ፈርሚ፣ ወይ አትፈርሚ።»

ወጣች። እኔ መሰላሉ ላይ እንደ ደረቅኩ ቀረሁ። ቬሊካ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንተ ደግሞ አንድ አምፖል ለመቀየር ስንት ሰዓት ነው የሚፈጅብህ?» አለችኝ። መጨረሻውን ግን አልለወጠችውም። የሚንኳኳውን በር ሠራን፤ ማንኳኳቱም የእኔ ሥራ ሆነ። ከመጋረጃው ጎን ቆሜ፣ ቬሊካ ከጉድጓዷ እጇን ስታነሳ፣ እንጨቱን ሦስት ጊዜ በመዶሻ መምታት።

ኤፕሪል አስራ ሁለት እሑድ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ጋንቾ በብርማ ልብሱ ሆኖ በመጋረጃው ቀዳዳ ሕዝቡን ሊያይ ሄደና ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«ማኖል፣ ቀብሬ ላይ የመጡ ነው የሚመስሉት!»

ሄደን አየን። እውነቱን ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ረድፎች ጥቁር ሻርፕ ባሰሩ ሴቶች ተሞልተዋል። ጭናቸው ላይ የንፍሮ ሳህን። እጃቸው ላይ አበባ፣ ያውም ጥንድ ጥንድ፤ እዚህ አገር ጥንድ አበባ ለሙት እንጂ ለሕያው አይሰጥም። ነገሩ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት ነበር። ማኖል «የካሊን የመጨረሻ ጉዞ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት፣ በንባብ ቤቱ» የሚል ማስታወቂያ ይታተምልኝ ብሎ ልኮ ነበር። አታሚው «ካሊን» የሚለውን ሲያይ በየዓመቱ የሚጠቀምበትን ጥቁር ጠርዝ አገባለት። እኛም እንደ ልማዳችን እዚያው በር ላይ፣ እዚያው ቦታ ለጠፍነው። ሰፈሩ አስራ ስድስት ዓመት ንፍሮውን የበላለት ሰው በመጨረሻ ሥርዓቱ ሊፈጸምለት ነው ብሎ ብድር ሊመልስ መጣ። አንዷ አሮጊት ማኖልን በመግቢያው አግኝታ፣ «አስከሬኑ ተገኘ እንዴ?» ብላ ጠይቃዋለች።

«ጉድ ፈላ» አለ ማኖል ራሱን ይዞ። «ለእነዚህ ነው ሕያው ካሊን የማሳየው?»

ቬሊካ በቀዳዳው ብዙ ቆይታ አየች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሚግሌና ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር፤ የአንዷን ሳህን ይዛላት። ቬሊካ ወደ ጉድጓዷ ወረደች።

ጨዋታው እንዴት እንደሄደ አልዘረዝርም፤ ጋንቾ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፣ አንድ ጊዜ መብራቴ ጠፍቷል። የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ሩሳልያ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣለች። የካሊን ድምፅ ራቀ፣ ሽሽሽ የሚለው ብቻ ቀረ። በዚህ ጊዜ ነው በሩ የሚንኳኳው። መዶሻዬን አንስቼ የቬሊካን እጅ ጠበቅኩ።

እጇ አልተነሳም። ጋንቾ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ላቡን እየጠረገ «ምታ!» ይለኛል። እኔ የማየው ቬሊካን ነው። ጉድጓዷ ወለሉ ውስጥ ስለሆነ ፊቷ ለእኛ እንጂ ለሕዝቡ አይታይም፣ እሷም ሕዝቡን አታየውም፤ ግን አንገቷን አጥፋ ወደ ኋላ የምታዳምጥ ትመስል ነበር። መነጽሯን አወለቀች። ሩሳልያ ግራ ገብቷት ወደ ጉድጓዱ አየች። ጎረቤት ሆና የምትጫወተዋም ሴት ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ሬዲዮውን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

ያኔ የቬሊካ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። እኔም አነበብኩት፣ ሩሳልያም አነበበችው፣ እያነበበችም ተናገረችው።

«ተዉት፣ አትዝጉት። ልጄ የሄደበት አገር ድምፅ ነው።»

መዶሻውን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጋንቾ በሹክሹክታ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም። ማኖል መጋረጃውን መዝጋት ረስቶ ቆሞ ቀረ። ሕዝቡ አላጨበጨበም። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነስተው አበባቸውን መድረኩ ጫፍ ላይ አኖሩ፣ ንፍሮው ከረድፍ ረድፍ መዞር ጀመረ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሁለት ጊዜ ዘገነ። ሬዲዮውን ማጥፋት የእኔ ሥራ ነበር፤ አላጠፋሁትም፣ እንባዬ አላሳየኝም።

ሚግሌና ወደ መድረኩ መጣች። ቬሊካ ከጉድጓዱ ስትወጣ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ወረቀቱን ዘረጋችና የሩሳልያ ሬዲዮ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አደረገችው።

«እስክሪብቶ ያለው?»

አምስት ሰው እስክሪብቶ ዘረጋላት። ፈረመች። «በይ ሂጂ» አለቻት፣ «ሹራብ ግን ደርቢ፤ ላይ ብርድ ነው።»

ሚግሌና ጠፈር አልደረሰችም፣ ያው እንደምንጠብቀው። ሃያ ስድስት ዓመት የእርሻ አውሮፕላን አበረረች፤ ሱፍና ስንዴ ላይ መድኃኒት ስትረጭ። አንድ ጊዜ ሞተር ጠፍቶባት ሱፍ ማሳ መሀል አርፋ ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰብሯል። ቬሊካ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ምንም አልጠየቀቻትም፣ ሾርባ ብቻ አጠጥታ ተመለሰች። ፋብሪካው ተዘጋ። ንባብ ቤቱ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሮ መድረኩን ቆለፉት። ሩሳልያም ጋንቾም ማኖልም ወረቀታቸው ተለጥፎ፣ ዝናብ አጥቦት፣ ሌላ ተለጥፎበታል። እኔ እሑድ እሑድ ቬሊካ ዘንድ መሄድ አልተውኩም። ያን ንባብ ቤት የመሰለ ሙቀት ያለው ቤት ዳግመኛ አልገባሁም።

ባለፈው መከር፣ ሰማንያ ምናምኗን ይዛ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቃሪያ እየላጠች ሳለ ድንገት ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አርባ ዓመት ሳልጠይቃት ቆይቼ።

«እትዬ ቬሊካ፣ ባትፈርሚ ኖሮ ሚግሌና ትቀር ነበር?»

«ለምን ትቀራለች?» አለች መላጧን ሳታቆም። «ወረቀቱ ከአስራ ስምንት በታች ለሆነ ነው የሚለው። እሷ ማርች ሦስት ቀን አስራ ስምንት ሞልቷታል። ፊርማዬ ምንም አያደርግላትም ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«እኔ ነኝ እኮ የወለድኳት! ልደቷን ልረሳ ነው?»

«እሷስ?»

«እሷም ታውቃለች። ክበቡ ነግሯታል። ብትፈልግ ማርች አራት ቀን ሻንጣዋን ይዛ መሄድ ትችል ነበር። እየመጣች ‹እማ፣ ፈረምሽ?› ትለኛለች።»

ተናደድኩ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚናደድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ሁሉ ጭንቅ፣ ያን ሁሉ የከንፈር መንቀጥቀጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። «እንግዲያው ከወር በላይ ያስጠበቅሻት፣ ራስሽንም ያቃጠልሽው ለምንድን ነው? ያኔውኑ ፈርመሽ አትገላገዪም ነበር?»

ቬሊካ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ጆሮዋ አሁን አይሰማም፣ የምታነበው ከንፈሬን ነው፤ የሷም ድምፅ ሳስቶ እኔም የሷን ነው የማነበው።

«እየጠየቀችኝ እያለች እኮ» አለች፣ «እቤት ነበረች።»